የጠፋች ወፍ አርማ ላይ ምን ትሠራለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ አካባቢ አስተማሪ ነኝ። ስለ አፍሪካ ደሴት አገሮች ስንማር ለልጆቹ የሞሪሸስን የመንግሥት አርማ አሳየኋቸው። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ይቺ ወፍ አሁን የት ነው ያለችው?» አለችኝ። ጠፍታለች ስላት ክፍሉ ተንጫጫ። የሌለች ወፍ እንዴት የአገር ምልክት ትሆናለች አሉ። እኔም መልስ አጣሁ። የባንዲራቸውንም ትርጉም ቢነግሩን።

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎ ዋናውን ነገር ነው የጠየቀችዎት።

ወፏ ዶዶ ትባላለች። የእርግብ ዘመድ ናት፤ ቁመቷ ግን አንድ ሜትር ገደማ ነበር። ክንፏ ትንሽ ስለሆነ አትበርም። ደሴቲቱ ላይ የሚያሳድዳት አውሬ ስላልነበረ ሽሽት የሚባል ነገር አታውቅም። ሆላንዶች በ1598 ደረሱ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እና አገሩን በልዑላቸው በሞሪስ ስም ጠሩት። መርከበኞቹ እያደኑ በሏት፤ የባሰውን ጉዳት ያደረሱት ግን አብረዋቸው ከመርከብ የወረዱት አይጥ፣ አሳማና ጦጣ ናቸው፣ ምክንያቱም የምትጥለው መሬት ላይ ስለነበር እንቁላሏን ለቅመው ጨረሱት። መቶ ዓመት ሳይሞላ ዘሯ ጠፋ።

ሆላንዶች በ1710 ለቀው ሄዱ። ከዚያ ፈረንሳዮች መጡ፣ በ1810 ደግሞ እንግሊዞች ያዙት። የሸንኮራ አገዳውን እርሻ የሠሩት ከአፍሪካና ከማዳጋስካር የተጋዙ ባሮች ናቸው፤ ባርነት በ1835 ሲቀር ሥራው ከሕንድ በኮንትራት በመጡ ሰዎች ላይ ወደቀ። ነፃነታቸውን ያገኙት መጋቢት 1968 ነው።

አርማው ከነፃነቱ ይቀድማል፣ የ1906 ነው። ጋሻውን በአንድ በኩል ዶዶ፣ በሌላው አጋዘን ይዘውታል። ሁለቱም አገዳ ጨብጠዋል። ከታች በላቲን «የሕንድ ውቅያኖስ ኮከብና ቁልፍ» ይላል። ልጆቹ ልብ ይበሉልኝ፤ አጋዘኑንም አገዳውንም ያመጧቸው ሆላንዶች ናቸው። ከሁለቱ እንስሳት የአገሩ ተወላጅ ዶዶ ብቻ ናት። አጥንቷን በ1865 ከረግረግ ያስወጣው ደግሞ እዚያው ያስተምር የነበረ ጆርጅ ክላርክ የሚባል መምህር ነው፣ የሙያ ባልደረባዎ!

ባንዲራው አራት አግድም ቀለም አለው። ቀዩ ለነፃነት የተደረገው ትግል፣ ሰማያዊው ውቅያኖሱ፣ ቢጫው የነፃነት ብርሃን፣ አረንጓዴው እርሻውና ልምላሜው ነው።

ታዲያ የሌለች ወፍ ለምን? እኔ አርማውን ሳየው የተጠያቂነት ምልክት ይመስለኛል፣ በእጃችን የጠፋች ናት እንደማለት። በ1974 የደሴቲቱ ጭልፊት አራት ብቻ ቀርታ ነበር። ደኑ ተመንጥሮ፣ ዲዲቲ ተረጭቶ ማለት ነው። ባለሙያዎች እንቁላሏን እየሰበሰቡ በእጃቸው አስፈለፈሉ፣ ጫጩቶቹን አሳድገው ዱር ለቀቁ፣ ዛሬ በመቶ የሚቆጠሩ አሉ። ይቺ እንኳን ተርፋለች።

ደሞ ሩቅ አገር ምን አስኬደን። የሞሪሸስ ረጅሙ ተራራ 828 ሜትር ነው፤ የእናንተ የመንዝ ደጋ፣ ጓሳ፣ ከ3,200 ይጀምራል። ግን ጓሳም በቆላና በእርሻ የተከበበ ደሴት ነው። ቀይ ቀበሮ ብርዱን ትታ ወርዳ መኖር አትችልም፣ በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት አዋቂዎቹ ደግሞ 500 አይሞሉም። በጣም የሚገርመኝ የዘመኑ መገጣጠም ነው። ዶዶ በጠፋችበት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመንዝ አባቶች ጓሳን በሥርዓት መጠበቅ እንደጀመሩ ይነገራል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈት ሁሉም ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። በ1975 የመሬት አዋጁ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን እንደገና አቋቁሞ ዛሬም ይጠብቀዋል።

ልጆቹን አንድ ቀን በማለዳ ጓሳ ይውሰዷቸው። ጋቢ ይያዙ፣ ብርዱን ያውቁታል። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ ያገኟቸዋል፤ ቀይ ቀበሮዋ ፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮዋን ጥላ ስታደባም ሊያዩ ይችላሉ። ከዚያ ለመንዝ አርማ ሳሉ ይበሏቸው። ለዚያች ተማሪ ደግሞ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።