ሽያጩ ቆሞ ደመወዙ ሲጨምር፦ ጥያቄና መልስ

አሥራ አንድ ዓመት የችርቻሮ ሱቅ አስተዳድሬያለሁ። የደመወዝ ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ የሚያጡ ብዙ ናቸውና ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሽያጬ ባለበት ቆሟል፣ የደመወዝ ወጪዬ ግን እየጨመረ ነው። ሁለት ሰው ልቀንስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰው ከመንካትህ በፊት ሰዓቱን እይ። የሁለት ሳምንት ደረሰኝ አውጣና በየሰዓቱ ስንት ደንበኛ እንደተስተናገደ ጻፍ፤ ከጎኑ ደግሞ በዚያ ሰዓት ስንት ሠራተኛ እንደነበረ። እኔ ስሠራው ደነገጥኩ። ጠዋት ስድስት ሰው አቁሜ የሚገባው ደንበኛ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ማታ ሰው ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ሰልፉ መደርደሪያዎቹ መሀል ሲገባ ሁለት ካሸር ብቻ። ሁለቱን ከጠዋት ወደ ማታ ፈረቃ አዛወርኩ። ማንንም አላሰናበትኩም።

ጥያቄ፦ ደመወዝ ከሽያጭ ስንት በመቶ ቢሆን ጤነኛ ነው?

መልስ፦ ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም። ከሽያጭ ይልቅ ከጥቅል ትርፍ (ከሽያጩ የዕቃው መግዣ ሲቀነስ ከሚቀረው) ጋር ብታነጻጽሪው ይሻላል። 100,000 ሸጠሽ 12,000 ለሠራተኛ ብትከፍይ 12 በመቶ ነው፣ ቀላል ይመስላል። የዕቃው መግዣ 75,000 ከነበረ ግን የቀረሽ 25,000 ነው፤ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ለደመወዝ ሄደ ማለት ነው። የጡረታ መዋጮ፣ የዓመት ፈቃድና ትርፍ ሰዓትም እዚያው ውስጥ ይግቡ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛ ቀንሼ ትርፌ ጨምሮ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ግን ሽያጩ ወረደ። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ የቀነሱት ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ይታያል፤ ሳይሸጥ የቀረው ዕቃ ግን የትም አይመዘገብም። አንድ ደንበኛ አንድ እግሩን ጫማ አጥልቆ የሌላውን ቁጥር ሲጠብቅ አይቻለሁ። የነበረችው አንዲት ልጅ ናት፣ እሷም ካሸር ላይ ተይዛለች። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ጫማውን አውልቆ ሄደ። የፈለገው ቁጥር ጓዳ ነበር! ዕቃ ጓዳ ተከምሮ መደርደሪያው ባዶ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚያወጣው ሰው የለም። እባክዎን የወጪውን ብቻ ሳይሆን የሽያጩንም ቁጥር አብረው ይከታተሉ።

ጥያቄ፦ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሠራተኛ ወደ ቤት እልካለሁ፣ ሲሞቅ እጠራለሁ። ጥፋት ነው?

መልስ፦ ወጪ የቀነስክ ይመስልሃል እንጂ ሠራተኛውን ታጣለህ። ጋፕ የተባለው የልብስ ድርጅት በ2015 እና 2016 (እ.ኤ.አ.) በሳን ፍራንሲስኮና በቺካጎ ባሉት ሱቆቹ የሥራ ሰዓትን የተረጋጋ የሚያደርግ ሙከራ አካሂዶ ነበር። ሙከራው በተካሄደባቸው ሱቆች ሽያጭ በመካከለኛ ግምት 7 በመቶ ጨመረ። አይገርመኝም፤ ነገ መግባቷን የማታውቅ ልጅ ዛሬ ልቧ ሥራው ላይ አይሆንም። የሠራተኞችህን የሥራ ሰዓት ፕሮግራም ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ለጥፍ።

ጥያቄ፦ ትርፍ ሰዓት ወይስ አዲስ ቅጥር?

መልስ፦ ለበዓል ሰሞን ትርፍ ሰዓት። በየሳምንቱ ከሆነ ቅጠር።

ጥያቄ፦ የቆየች ሠራተኛዬ ጭማሪ ጠየቀች። አቅሜ አይፈቅድም፣ እንዴት ልንገራት?

መልስ፦ እህቴ፣ በሰው አትላኪባት፤ አስቀምጠሽ ቁጥሩን አሳያት። ከዚያ በፊት ግን እሷ ብትሄድ አዲሷ እስክትለምድ የሚጠፋውን ጊዜ፣ የሚሳሳተውን ሒሳብ፣ እሷን ብለው የሚመጡትን ደንበኞች አስቢ። እኔ እንዲህ ዓይነቷን ልጅ ለትንሽ ጭማሪ ብዬ ለቅቄ፣ በስድስት ወር ሦስት ሰው በቦታዋ ቀያይሬያለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።