የህንድን የትምህርት ድጋፍ ማጥናት ለሙያዬ ይጠቅመኛልን?

ውድ ጠያቂያችን፣

በትምህርት ዕቅድና አስተዳደር ተመርቀው በዞን ትምህርት መምሪያ እንደሚሠሩ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ህንድ ለመሄድ እንደተዘጋጁና የመመረቂያ ጽሑፍዎንም የህንድ መንግሥት ከተገለሉ ካስቶች (በትውልድ ከሚወረሱ የማኅበረሰብ መደቦች) እና ጎሳዎች ለሚወጡ ተማሪዎች በሚሰጠው ድጋፍ ላይ ለመሥራት እንዳሰቡ ገልጸው፣ ጥናቱ አገር ቤት ሲመለሱ ይጠቅምዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። እንደሚጠቅምዎት አምናለሁ፤ ይሁን እንጂ በላኩልኝ ረቂቅ ላይ ዋናውን ቦታ የያዘውን የኮታ ጉዳይ ወደ ጎን ቢያደርጉት እመርጣለሁ።

በህንድ ማዕከላዊ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከመቶ 15 ቦታ ለተዘረዘሩ ካስቶች፣ 7.5 ደግሞ ለተዘረዘሩ ጎሳዎች፣ ማለትም ድጋፍ እንዲያገኙ በሕግ ዝርዝር ውስጥ ለገቡ ማኅበረሰቦች፣ መጠበቁ ብዙ የተጻፈበትና በየፍርድ ቤቱ የተከራከሩበት ነገር ነው። ለትምህርት አስተዳዳሪ ይበልጥ የሚያስተምረው፣ ቦታውን ያገኘው ልጅ እስኪመረቅ የሚያቆየው ገንዘብ በምን መንገድ እጁ እንደሚገባ ማወቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1944 የተጀመረውን የድኅረ ማትሪክ ስኮላርሺፕ ይመልከቱ። ከ10ኛ ክፍል በላይ ለሚማሩና የወላጆቻቸው ዓመታዊ ገቢ ከ250 ሺህ ሩፒ ለማይበልጥ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያና የኑሮ ድጎማ ይሰጣል። ተማሪው ግን አስቀድሞ በሕግ በወጣው ዝርዝር ውስጥ ካለ ማኅበረሰብ መወለዱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከአካባቢው አስተዳደር ማውጣት፣ የገቢ ማስረጃ ማያያዝና የባንክ ሒሳብ መክፈት ይጠበቅበታል። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ያሉት የገጠር ልጅ ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ ቢሰናከል መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ወጪው በአብዛኛው በክልሎች ትከሻ ላይ በወደቀባቸው ዓመታትም ክፍያው ይጓተት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ግን የፌዴራሉ መንግሥት 60 በመቶውን እንዲሸፍንና ድርሻውን በቀጥታ ወደ ተማሪው ሒሳብ እንዲያስገባ ተወሰነ፤ ለአምስት ዓመትም በጠቅላላው ከ590 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ተመደበ። ይህ ለውጥ በአንድ ወረዳ ምን እንዳመጣ ከኮሌጅ መዝገብና ከተማሪዎች አንደበት መከታተል ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

የአንድ ስኮላርሺፕ ዋጋ ምን ያህል እንደሚደርስ ከአምቤድካር ሕይወት መረዳት ይቻላል፤ እንደማይነካ ከሚቆጠር ማኅበረሰብ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1913 በባሮዳው ገዥ ድጋፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የገባው ይህ ሰው፣ በኋላ የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ በሊቀመንበርነት መርቷል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 89 መንግሥት በዕድገት ወደኋላ ለቀሩ ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል፤ በዩኒቨርሲቲ ቅበላም እንደ አፋር፣ ሶማሌና ጋምቤላ ካሉ ክልሎች ለሚመጡ ተማሪዎች አስተያየት ሲደረግ ቆይቷል። ነገር ግን ክልልን መለኪያ ያደረገ ድጋፍ፣ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ የሚገለለውን የሸክላ ሠሪ፣ የቆዳ ፋቂ ወይም በከፋ የማንጃ ልጅ ለይቶ ሊያይ አይችልም። የህንዱ ዝርዝር እንዲህ ያለውን ልጅ ያገኘዋል፤ በአንጻሩ የተገለለበትን ትውልዱን በወረቀት አስመዝግቦ ለክፍል ጓደኞቹ ሊያጋልጠው ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩን እንዳለ እንድንቀዳው አልመክርም፤ ልጁን ሳያሸማቅቁ እንዴት መድረስ እንደሚቻል የሚጠይቅ ጥናት ግን ለትምህርት ሚኒስቴርም ሆነ ለክልል ቢሮዎች በእጅጉ ያስፈልጋል፤ የበጀት አሠራርንና የመረጃ ትንተናን ከዚሁ ጋር አጣምረው ከተማሩ ተፈላጊነትዎ ይጨምራል።

እርስዎ ራስዎ በእነዚህ ስኮላርሺፖች መጠቀም ይችሉ እንደሆነ ለጠየቁት፣ ለህንድ ዜጎች ብቻ ስለሆኑ አይችሉም፤ ለውጭ ተማሪዎች የሚሰጠውን የህንድ የባህል ግንኙነት ምክር ቤት ስኮላርሺፕ በአዲስ አበባ ካለው የህንድ ኤምባሲ ይጠይቁ። ከመሄድዎ በፊትም በዞንዎ የእደ ጥበብ ባለሙያዎች ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ተገኝተው፣ በመምህራንና በወላጆች ፈቃድ፣ ልጆቹ ትምህርት የሚያቋርጡበትን ክፍልና ምክንያቱን መዝግበው ይያዙ፤ አማካሪዎ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ከምን ጋር እንደሚያነጻጽሩ ነውና።