ሁልጊዜ ዘሌዋውያን ላይ ለምትቆመው

«መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት እጀምርና ዘሌዋውያን ላይ እተወዋለሁ፤ ጠዋት ሱቅ ለመክፈት ስለምሮጥ ጊዜም የለኝም» ላልከው፦ ከዘፍጥረት አትጀምር። ማርቆስ ወንጌልን ያዝ። 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ በቀን አንድ ምዕራፍ ብትል በሁለት ሳምንት ከምናምን ታልፈዋለህ። ቀጥሎ የሐዋርያት ሥራ። ዘሌዋውያን የትም አይሄድም።

ምዕራፉ ከበዛብህ ግማሹ ይበቃል። ስትጨርስ አንዲት ቁጥር በወረቀት ጽፈህ የሱቁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣት። ደንበኛ ሲጠፋ አውጥተህ አንብባት። (ገበያው እንደሆነ ሰሞኑን ጊዜ ይሰጣል።)

ለጸሎቱ መዝሙረ ዳዊት አለልህ። አባቶች በየዕለቱ ከፋፍለውታል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ እንዲህ አንዴ 30 አንዴ 20 እያለ ቅዳሜ 150 ላይ ይደርሳል። ለጀማሪ 30 መዝሙር በአንዴ ይከብዳል። ከዕለቱ ድርሻ አንዱን ብቻ ድገም፣ ግን ሳትቸኩል።

ከራሴ ያየሁትን ልንገርህ፦ በስልክ አታንብብ። መተግበሪያው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ቴሌግራሙ እዚያው መሆኑ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጣና ዳር ቁጭ ብለህ እንኳ አንድ መልእክት «ጢው» ካለ ምዕራፉ እዚያው ይቀራል። የወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱስ ያዝ፣ ስልኩን ቤት ተወው።