«መጀነን» ወይስ «ንቀት»?

ለጠያቂያችን፦ መንዝ ውስጥ አንድ ወጣት ባለሙያ ዕድሜ ልካቸውን ገብስ ሲዘሩ ለኖሩ አዛውንት የገብስ አዘራርን ለሕፃን እንደሚነገር እያቀለለ ሲያስረዳቸው «ተጀነነባቸው» ማለት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት ቃሉ አይገጥምም። «መጀነን» ራስን ከሰው አርቆ መያዝን፣ ሰላምታ መንፈግንና አንገት ማቅናትን ስለሚገልጽ፣ የተጀነነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል፤ እርስዎ የገለጹት ወጣት ግን ቸርነት የሠራ እየመሰለው ብዙ ተናግሯል። «መኮፈስ»ም ቢሆን ስለ ሰውየው መነፋት እንጂ ስለ ተናቀው ሰው ብዙም አይነግረንም።

የሚቀርበው «ናቃቸው» ነው፤ ነገር ግን «ንቀት» ግልጽ ስድብንና ጨርሶ ከቁብ አለመቁጠርንም ስለሚያካትት፣ በፈገግታና በትሕትና ቃል ለተሸፈነው ዓይነት «ዝቅ አድርጎ አያቸው» ማለት ይሻላል። የአነጋገር አክብሮት ብቻውን ንቀትን አያስቀርም። በሰሜን ሸዋ ታላቅን «አንቱ» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ «ይህ እንኳ ለአንቱ ይከብድዎታል» የሚል ሰው አንቱታውን ሳያጓድል ሽማግሌውን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ እንዲያውም ይህኛው ከግልጽ ስድብ ይልቅ ለመመለስ ያስቸግራል። በሰዋስው በኩል «ናቀ» በቀጥታ ተሳቢ ይወስዳል («አዛውንቱን ናቃቸው»)፤ «ተጀነነ» ግን «በ»ን ይፈልጋል («በአዛውንቱ ላይ ተጀነነባቸው»)።