ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣ ንግግር፦ ለወጣት ተናጋሪዎች

ውድ ወጣቶች፣

ንግግር በማዘጋጀትና ሌሎች ሲናገሩ በማድመጥ ባሳለፍኳቸው ረጅም ዓመታት ካስተዋልኩት ሁሉ አስቀድሜ ልነግራችሁ የምሻው፣ ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣ ንግግር ችግሩን አሳንሶ የሚያሳይ ሳይሆን፣ ችግሩን በልኩ ተናግሮ የአድማጩን ድርሻ ለይቶ የሚያመለክት መሆኑን ነው። ብዙዎች «ትችላላችሁ» እያሉ አዳራሹን ያሟሙቁታል፤ አድማጩ ግን ምን እንደሚችል፣ ከየት እንደሚጀምርና ምን ዋጋ እንደሚያስከፍለው ካልተነገረው፣ ያ ሙቀት ከበሩ አልፎ አይሄድም።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. በሂውስተን ከተማ በራይስ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትን ንግግር በጥሞና እንድታነቡት እመክራለሁ። ፕሬዚዳንቱ ወደ ጨረቃ መጓዝ የተመረጠው ቀላል ስለሆነ ሳይሆን ከባድ ስለሆነ እንደሆነ ተናገሩ፤ አሥርተ ዓመቱ ሳያልቅ እንዲፈጸምም ጊዜ ቆረጡለት። ከዚህም አልፈው፣ ለሕዋ ምርምር በአንድ ሰው በሳምንት የሚወጣው 40 የአሜሪካ ሳንቲም ከ50 በላይ እንደሚሆን ሳይሸሽጉ ገለጡ። እንዲህ ያለ ሂሳብ በታላቅ ንግግር ውስጥ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ከሌላው ሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህንኑ ነው፤ ዋጋውን በግልጽ የሰማ አድማጭ መከበሩን ያውቃልና። በጁላይ 1969 ሰዎች ጨረቃ ላይ ሲያርፉ ውጤቱ የንግግሩ ብቻ አልነበረም፤ ከጀርባው ገንዘብ፣ ባለሙያና ተቋም ተሰልፎለት ነበር።

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል የማሳመኛ መንገዶችን በሦስት ከፍሎ፣ በተናጋሪው ሰብእና፣ በአድማጩ ስሜትና በነገሩ ማስረጃ አስቀምጧቸዋል። ለሰብእና ትልቅ ስፍራ ቢሰጠውም፣ አመኔታው ከንግግሩ ከራሱ መመንጨት እንጂ በተናጋሪው የቀድሞ ዝና ላይ መንጠልጠል እንደሌለበት ጽፏል። ገና ስም ላላፈራችሁት ለእናንተ ይህ ትልቅ ብርታት ነው። የምታውቁትን ያህል ብቻ ተናገሩ፤ የሌላውን ሰው ታሪክ የራሳችሁ አስመስላችሁ አታቅርቡ፤ ማስረጃችሁ የሚደክምበት ቦታ ላይ ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ።

ስለ ዝግጅት አንድ ነገር ልጨምር። የጥቁር አሜሪካውያን የእኩልነት መብት ታጋዩ ማርቲን ሉተር ኪንግ ኦገስት 28 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ሲናገሩ፣ ስለ ሕልማቸው የተናገሩት ዝነኛ ክፍል በእጃቸው በያዙት ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወጣቶች ሳይዘጋጁ መድረክ መውጣትን እንደ ድፍረት ይቆጥሩታል። ነገር ግን ኪንግ ያንኑ ሐሳብ በዚያው ዓመት በዲትሮይት ጭምር አስቀድመው የተናገሩት ስለነበር፣ ከጽሑፉ የወጡት ወደሚያውቁት መንገድ ነው። ጽሑፋችሁን ለመተው የምትችሉት ነገሩን አብልጣችሁ ስታውቁት ብቻ ነው።

ርዝመቱን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በጌቲስበርግ ከተማ፣ ሌላ ተናጋሪ ሁለት ሰዓት ያህል ከተናገሩ በኋላ ተነሥተው የተናገሩት ወደ 270 የሚጠጉ ቃላትን ብቻ ነበር።

በመጨረሻም፣ ከፊታችሁ ከተቀመጡት መካከል ድፍረት ሳያንሳቸው ዕድል የተነፈጋቸው እንዳሉ አትርሱ። ያልተሳካላቸው ፈቃደኝነት ስለጎደላቸው እንደሆነ አድርጋችሁ ብትናገሩ፣ በደል ላይ በደል ትጨምሩባቸዋላችሁ። ስለዚህ ንግግራችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ከአድማጮቻችሁ ጥቂቶቹን አግኝታችሁ፣ እንዳይራመዱ የያዛቸው ምን እንደሆነ ጠይቋቸው፤ የምትጠይቋቸው ተግባርም በእጃቸው ባለው ጊዜና አቅም ሊጀመር የሚችል ይሁን።