ቢዝነስ ኤቲክስ ተሰጥቶሽ ከየት እንደምትጀምሪ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ "ገላን ባለ ኮሌጅ የቢዝነስ ኤቲክስና ማኅበራዊ ኃላፊነት ኮርስ ተሰጠኝ፤ የማታ ተማሪዎች ናቸው፣ ደክመው ነው የሚመጡት፣ ምን ይዤ ልግባ?" ብለሻል። ይህንኑ ኮርስ ቃሊቲ ለማታ ተማሪዎች ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። እንደኔ እንዳትንገላቺ ልንገርሽ።

1. ከፍልስፍናው አትጀምሪ። የማታ ተማሪ ቀን ላይ ገንዘብ ያዥ ነው፣ ግዢ ሠራተኛ ነው፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። በሦስት ፕሮፎርማ ጀምሪ። ሦስቱም ከአንድ ነጋዴ እጅ ወጥተው ማኅተማቸው ብቻ ሲለያይ ምን እንደሚባል ያውቃሉ። "አለቃህ ፈርም ቢልህስ?" በያቸው። አንዲት ተማሪዬ "ልጅና የቤት ኪራይ ያለባት ሰው እምቢ ብላ ምን ትበላለች?" ስትል ክፍሉ ጸጥ አለ። "ታማኝ ሁኚ" ብለሽ ብቻ አትለፊያት። ትእዛዙን በጽሑፍ መጠየቅን፣ የልዩነት ሐሳብን በቃለ ጉባኤ ማስመዝገብን አለማምጃቸው።

2. ከውጭ ኬዝ ካመጣሽ በሒሳብ ማጭበርበር የወደቀውን የአሜሪካ ኩባንያ፣ ኤንሮንን ተዪው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ከቢሾፍቱ ሳይርቅ የወደቀውን ቦይንግ 737 ማክስ አምጪ። 157 ሰው አለቀ። ከወራት በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር። የአፍንጫውን አቅጣጫ በራሱ የሚያስተካክለው ሥርዓት በአንድ ሴንሰር ላይ ተመሥርቶ እንደሚነሳ፣ አብራሪዎችም ከመጀመሪያው አደጋ በፊት ስለ እሱ እንዳልተነገራቸው ንገሪያቸው። ከዚያ ማን መናገር ነበረበት ብለሽ ጠይቂ።

3. ዘላቂነት ላይ ስትደርሺ አቃቂ ወንዝ አለልሽ። የከተማው ፍሳሽም የፋብሪካው ፍሳሽም ይገባበታል፤ በዚያው ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ቀሪው አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። እኔ ግን መጀመሪያ ፋብሪካ ላስጎበኛቸው ብዬ ተነሳሁ። የኮሌጁን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛዋ ሳታነበው "ማኅተሙ ደብዝዟል" አለችኝ። አስመትቼ ተመለስኩ። "የጥያቄ ዝርዝር አምጣ" ተባልኩ። አመጣሁ። ኃላፊው "የፍሳሽ ማጣሪያ" የሚለውን ሲያይ "ጋዜጠኛ ነህ እንዴ?" ብሎ ወረቀቱን ገፋልኝ። ቁጭ በል ያለኝ ሰው አልነበረም። ለመማር የመጣን ሰው እንዲህ ማመናጨቅ አሁንም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ፈቃድ አትለምኚ። ድልድይ ላይ ለመቆም የማንም ማኅተም አያስፈልግም። ቅዳሜ ወሰድኳቸው፤ ውኃውን አዩ፣ ሽታውን ሸተቱ፣ አትክልት የሚያለሙትን አነጋገሩ። ክፍል ስንመለስ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጁን፣ 300/1995ን አነበብን። "ይህ የብክለት ወጪ የማን መዝገብ ላይ ነው?" አልኳቸው። የአካውንቲንግ ተማሪዎች ወዲያው ገባቸው። ቆዳ ፋብሪካ የሚሠራ አንዱ ልጅ የማጣሪያ ወጪ በጀት አስልቶ ለአለቆቹ አቀረበ። አልተቀበሉትም። እኔ ግን ከሁሉም ማርክ በላይ የኮራሁበት ሥራ ነው።

ኮሌጅሽም አያርፍልሽም። የኛ ዲን "ይሄ ማሟያ ኮርስ ነው፣ ምርጫ ፈተና አውጣና ጨርስ" ይለኝ ነበር። እንዲህ ከተባልሽ በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጡትን ኃላፊነት የተሞላበት የአመራር ትምህርት መርሆዎች (PRME) አውጪ። የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ኃላፊነትንና ዘላቂነትን በሥርዓተ ትምህርታቸው ውስጥ እንዲያስገቡ ነው የሚሉት። እኔ ይህንን አሳይቼ ነው ግማሹን ማርክ ለመስክ ሪፖርት ያስፈቀድኩት። አንቺም ክፍል ሳትገቢ የማርኩን ክፍፍል በጽሑፍ አስፈርሚ፤ በቃል የተባለ ነገር ሴሚስተሩ መሃል ላይ ይካዳል።