ፓምፑን ከመፍታትዎ በፊት ጀሪካን ከፍ አድርገው ያስቀምጡ

በደብረ ብርሃን ዳቦ ቤት ያላቸው አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «30 ኬቪኤ የናፍጣ ጄኔሬተር አለኝ። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ይነሳል፤ አምስት ደቂቃ ያህል ደህና ይሠራል። ምድጃውና የሊጥ ማቡኪያው ሲበሩ ግን ድምፁ እየወረደ ይሄድና ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። አንዱ መካኒክ ዋናው ፓምፕ ወርዶ መታደስ አለበት አለኝ። ሌላው ጥፋቱ የትንሿ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው ብሎ አዲስ አስገዛኝ፤ ላዩ ላይ 12 ቮልት፣ 3 ባር ይላል። ኤሌክትሪክ የተማረ የወንድሜ ልጅ አለ። እሱ ይግጠመው?»

ይግጠመው፤ ያንን የገዙትን ግን አይደለም። እሱ የቤንዚን ኢንጀክሽን መኪና ፓምፕ ነው። የእርስዎ ሞተር ትንሿ ፓምፕ ሥራዋ ናፍጣውን ከታንከሩ አንስታ በፊልትሮው በኩል ለዋናው ፓምፕ፣ ማለትም ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ ለሚልከው፣ ማቀበል ብቻ ነው። ለዚህ ከግማሽ ባር በታች ግፊት ይበቃታል። በ3 ባር ቢገፋበት ናፍጣ እንዳያፈስ የሚያትሙት የዋናው ፓምፕ ጎማዎች ሊፈነዱ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው መካኒክ ትንቢት በገዛ ገንዘብዎ ይፈጸማል። ደረሰኙ ካለዎት ዛሬውኑ ይመልሱት።

ከደብዳቤዎ ሁሉ የጠቀመኝ «ድምፁ እየወረደ ይሄድና» የሚለው ነው። ማጥፊያው የተነካ ይመስል በአንድ ጊዜ ድርግም የሚል ጄኔሬተር በአብዛኛው ችግሩ ከኤሌክትሪክ ነው፤ የዘይት ግፊት ወይም የሙቀት መቆጣጠሪያው አጥፍቶት ይሆናል፣ አለዚያም ናፍጣውን በኤሌክትሪክ የሚከፍተው ቫልቭ (ሶሌኖይድ) ለቆታል። እያቃሰተ፣ እየተንገዳገደ የሚጠፋው ግን ናፍጣ ያጠረው ነው። ባዶውን ሲሠራ የሚፈልገው ጥቂት ስለሆነ ይችላል። 30 ኬቪኤ ሙሉ ጭነት ሲሸከም በሰዓት ከ6 እስከ 8 ሊትር ይፈልጋል፤ ማቡኪያው በሚነሳባት ቅጽበት ደግሞ በድንገት ይጠይቃል። ያኔ ነው ጉድለቱ የሚታየው።

አሁን አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ሙከራ ልንገርዎ። ከታች ቧንቧ ያለው ንጹሕ ጀሪካን 20 ሊትር ናፍጣ ይሙሉበትና ከሞተሩ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ የማይወድቅበት ቦታ ላይ፣ ክዳኑ ላልቶ ይቀመጥ። ልጁ ከትንሿ ፓምፕ ወደ ፊልትሮው የሚሄደውን ቱቦ ከፓምፑ በኩል ነቅሎ ከጀሪካኑ ጋር ያገናኘው። የፓምፑን ሽቦ ይንቀለው፣ አፏንም ይድፈነው። ከዚያ አየሩ ወጥቶ ሞተሩ ይነሳ፤ ምድጃውም ማቡኪያውም ይብራ። ናፍጣው በክብደቱ ብቻ እየወረደ ግማሽ ሰዓት ሳያቃስት ከሠራ ዋናው ፓምፕ ንጹሕ ነው፤ ማንም እንዳያስወርድዎት። በጀሪካንም ከጠፋ መጀመሪያ ፊልትሮውን ቀይረው ይድገሙት። ከዚያም በኋላ ከጠፋ ብቻ ነው የመጀመሪያውን መካኒክ ይቅርታ የምንጠይቀው።

በጀሪካን ሠራ እንበል። ጥፋቱ ከታንከሩ እስከ ትንሿ ፓምፕ ባለው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው፤ ፓምፗ ግን ገና አልተፈረደባትም። በመጀመሪያ የታንከሩን ክዳን ከፍተው ያስነሱት። ይህን የምለው አፍሬ ነው፦ ገና ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ደንበኛ ሁለት ፓምፕ በተከታታይ ቀይሬ አልሆን ብሎኝ፣ ጥፋቱ በአቧራ የተደፈነው የክዳኑ የአየር መተንፈሻ ሆኖ ተገኘ። ናፍጣው በወጣ ቁጥር በቦታው አየር ካልገባ የትኛውም ፓምፕ ይሸነፋል።

ቀጥሎ ሽቦው። እዚህ ላይ የወንድምዎ ልጅ እንዳይሸወድ። መጀመሪያ ባትሪው አንድ ባለ 12 መሆኑን፣ ወይስ ሁለት ተቀጣጥለው 24 ቮልት መስጠታቸውን ያረጋግጥ። ከዚያ የፓምፑን ሶኬት ነቅሎ በቴስተር ቢለካ 12 ቮልት ያያል፤ ያ ምንም አይነግረውም። አንዲት ክር ብቻ የቀረችው የዛገ ሽቦም ያለ ሥራ 12 ቮልት ታሳያለች። ፓምፗ ተሰክታ እየሠራች እያለ ነው የሚለካው። በባለ 12ቱ ከ11 ቮልት በታች ካገኘ ፊውዙን፣ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ) እና መጋጠሚያዎቹን ይፈትሽ። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በፓምፑ የማሳ ሽቦ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ በሚመለሰው)፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያድርግ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ተበላሽቷል። በቀለም ላይ የታሰረ ማሳ ስንት ደህና ፓምፕ እንዳስጣለ እኔ አውቃለሁ።

ሽቦው ደህና ከሆነ የፓምፗን መውጫ ቱቦ ወደ ጠርሙስ አዙሮ ሞተሩን ሳያስነሳ አንድ ደቂቃ ያሠራት። ግማሽ ሊትር እንኳ ካልሞላች፣ መግቢያዋ ላይ ያለው ወንፊትም ንጹሕ ከሆነ፣ አሁን ተፈረደባት። ናፍጣው በአረፋ ተሞልቶ ከወጣ ግን ከታንከሩ በሚመጣው ቱቦ በኩል አየር እየገባ ነው። በዚያ ወገን ቱቦ ቢሰነጠቅም ናፍጣ አይንጠባጠብም፣ አየር ይስባል እንጂ፤ ስለዚህ «የሚያፈስ ነገር የለም» ተብሎ አይታለፍ። ይህ ለእናንተ አገር የባሰ ነው። ፓምፕ ሳበች እንላለን እንጂ ናፍጣውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ግፊት ነው፤ 2800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ይህ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አዋሽ ላይ ችግር የማይፈጥር የላላ ማሰሪያ ደብረ ብርሃን ላይ ሞተር ያጠፋል። አዲሷ ፓምፕም በተቻለ መጠን ለታንከሩ ቅርብና ዝቅ ብላ ትታሰር።

ሲገዙ አሮጌዋን ይዘው ይሂዱ። ለናፍጣ የተሠራች፣ ቮልቷ ከባትሪዎ የሚስማማ፣ ግፊቷ ከአሮጌዋ ጋር እኩል የሆነች ይሁን። ከፓምፗ በፊት የምትገባ ትንሽ ወንፊት፣ ናፍጣ የሚችል አዲስ ቱቦና አዲስ ማሰሪያዎችም ይግዙ፤ የውኃ ቱቦ ናፍጣ ያበላሸዋል።

ልጁ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጄኔሬተሩ በራሱ የሚነሳ ከሆነ መቆጣጠሪያው ከአውቶማቲክ ወጥቶ ይጥፋ፣ የባትሪው ኔጋቲቭም ይፈታ። እጅ ውስጥ እያለ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ አይጠይቅም፤ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ቬንትሌተር ጣት ይቆርጣል። አፈታቱን አልነግረውም፤ ሁለት ቱቦ፣ ሁለት ቡሎንና ሁለት ሽቦ ነው። አዲሷ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ይመልከት። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አይገለባበጡ፤ ውስጧ ኤሌክትሮኒክስ ያለባት ፓምፕ ወዲያው ልትቃጠል ትችላለች። በመጋጠሚያው ጥርስ ላይ ቴፍሎን አይጠቀለል፤ ብጣሹ ተጉዞ ዋናው ፓምፕ ውስጥ ይቀረቀራል። ኃይሏን በፊውዝ በኩል ከቁልፉ ወይም ከመቆጣጠሪያው ታግኝ እንጂ በቀጥታ ከባትሪ አይሁን። ቱቦ ቢፈነዳ ሞተሩ ጠፍቶም እሷ ናፍጣ መርጨቷን ትቀጥላለችና።

አየር ማስወጣቱ ቀላል ነው። የባትሪው ኔጋቲቭ ተመልሶ ታስሮ ቁልፉ ሲከፈት ፓምፗ ቲክ ቲክ ትላለች፤ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን አላልቶ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ መጠበቅ፣ ከዚያ ማጥበቅ። ማስነሻ ትእዛዝ ካልደረሳት የማትሠራ ከሆነ ለጊዜው በሌላ ሽቦ ኃይል ይስጣት። ሲያስነሳ ሞተሪኖውን (የማስነሻውን ሞተር) ከ15 ሰከንድ በላይ አይያዘው፤ አንድ ደቂቃ አሳርፎ ይድገም። የኢንጀክተር ቱቦዎችን ግን አይንካ። ከዚያ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

ፓምፗን ምን እንደገደላት ለማወቅ ከታንከሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍተው በብርጭቆ ይቅዱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ግማሽ የጎደለ ታንከር ግድግዳው ያልበዋል፤ ውኃው ይወርድና ከናፍጣው በታች ይተኛል። በብርጭቆው ሥር ውኃ ወይም የዝገት ጭቃ ካዩ ታንከሩ ሳይታጠብ አዲሷን አያስገጥሙ። በበርሜል የሚገዙ ከሆነም አንድ ቀን አስተኝተው ከላይ ከላዩ ይቅዱ።

ሥራው ሲያልቅ አሥር ደቂቃ ባዶውን ይሥራ፤ መጋጠሚያዎቹ በደረቅ ጨርቅ ይዳሰሱ። ከዚያ መጀመሪያ ምድጃው፣ ሞተሩ ሲረጋጋ ማቡኪያው ይብራ። ታንከሩ ቆሻሻ ከነበረ ከ50 ሰዓት ሥራ በኋላ ፊልትሮውን እንደገና ይቀይሩ፤ የቀረው ጭቃ የሚሰበሰበው እዚያ ነው።